አረጋዊ ታካሚ ጠበቃ ሲያስፈልጋቸው፤ ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

መግቢያ

በውስጥ ደዌ ክፍል የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ሊያጋጥመው የሚችል አንድ ሁኔታ በምሳሌነት ይቅረብ። የ74 ዓመት እናት በስትሮክ ምክንያት ቀኝ ጎናቸው ደክሞና ንግግራቸው ተሰናክሎ ሆስፒታል ተኝተዋል። በሦስተኛው ቀን ማታ ወንድ ልጃቸው የተጻፈ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዞ ይመጣና ተረኛዋን ነርስ «የቤቱ ውክልና ናት፤ እማዬ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ አግዢኝ» ይላታል። በማግስቱ ደግሞ ሴት ልጃቸው ወደ ሐኪሙ ቀርባ «እናቴ ትናንት ራሳቸውን አያውቁም ነበር የሚል ማስረጃ ይጻፍልኝ» ትላለች። ሐኪሙ የሕክምና ካርዱን ሲያገላብጥ ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ ስኳራቸው በየሰዓቱ የተመዘገበ ያገኛል። ስለ አእምሯቸው ሁኔታ ግን «ንቁ ናቸው» ከሚል አንድ ሐረግ በስተቀር የሰፈረ ነገር የለም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ወንድ ልጁ የሕክምና ወጪ ለመሸፈን የተጨነቀ፣ ሴት ልጁም ለእናቷ የምትቆረቆር ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ሁለት ነገሮች ጎድለዋል። እናቲቱ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው አልተገኘም፤ ለእርሳቸው ጥቅም ብቻ የቆመ የሕግ ባለሙያም የለም። የአረጋውያን የሕግ ጉዳይ ከጤና ባለሙያው ሥራ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ጠበቃም ዳኛም አይደለም። ነገር ግን የመርሳት ሕመምን፣ ስትሮክን ወይም ሌላ የአእምሮን ኃይል የሚያዳክም ደዌ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ በመሆኑ፣ ለሕግ ምክር የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን አስቀድሞ ሊናገር የሚችለውም እርሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ሕግ የአረጋውያንን ፈቃድና ንብረት የሚመለከቱ ዋና ዋና ነጥቦችን ለጤና ባለሙያው ማስገንዘብ፣ ተገቢውን ጠበቃ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ማመልከትና በሕክምና ተቋም ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን መዘርዘር ነው።

1. ሕጉ ስለ ችሎታ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ማንኛውም ሰው በሕግ ፊት የሚጸና ተግባር ለመፈጸም ችሎታ አለው የሚል ነው። ችሎታ የለውም የሚል ወገን ማስረዳት ይኖርበታል። ስለዚህ እርጅና ብቻውን የማንንም መብት አይቀንስም። የ90 ዓመት አዛውንት ቤታቸውን ለመሸጥ፣ ለመናዘዝ ወይም ትዳር ለመያዝ ከ40 ዓመት ጎልማሳ ያነሰ መብት የላቸውም።

ሕጉ ጥበቃ የሚያደርገው በአእምሮ ሕመም ወይም በመጃጀት ምክንያት የሚሠሩትን ሥራ ውጤት ለማመዛዘን ለማይችሉ ሰዎች ነው (ቁጥር 339)። ዓይነ ስውራን፣ መስማትና መናገር የተሳናቸው እንዲሁም በማይድን ሕመም ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ ሰዎችም ከፈለጉ በዚሁ ጥበቃ ለመጠቀም ይችላሉ (ቁጥር 340)። የኋለኛው ድንጋጌ ጥበቃውን የሚሰጠው ለራሳቸው ጥቅም ሲጠይቁት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው አረጋዊ በዚህ ምክንያት ብቻ ችሎታ እንደሌላቸው አይቆጠሩም።

ለሐኪሞች በተለይ ትኩረት የሚያሻው ቁጥር 341 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት አንድ ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ውስጥ ሲገኝ፣ በዚያ በሚቆይበት ጊዜ ሕመሙ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ የፈጸማቸው ውሎችም ሊፈርሱ ይችላሉ። እንግዲህ በመግቢያ ካርድ ላይ የሚጻፈው የመተኛት ምክንያት ሕጋዊ ውጤት ሊያስከትል ይችላል ማለት ነው። በዳሌ አጥንት ስብራት የተኙ አረጋዊና በአእምሮ ሁኔታቸው ምክንያት የተኙ አረጋዊ በዚህ ረገድ እኩል አይታዩም።

ሕመሙ በግልጽ ያልታወቀ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ውሉ እንዲፈርስ የሚፈልገው ወገን፣ አረጋዊው በተዋዋሉበት ጊዜ ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ለመስጠት በማይችሉበት ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ማስረዳት ይጠበቅበታል (ቁጥር 347)። ለዚህ የሚረዳው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን የተጻፈ የሕክምና መዝገብ ነው። «ንቁ ናቸው» የሚለው ሐረግ ግን ለማንም አይጠቅምም።

2. አስቀድሞ መማከር ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ቤተሰብ የመርሳት ሕመም መኖሩ ሲነገረው መጀመሪያ የሚያስበው መድኃኒት ነው። ስለ ሕግ የሚያስበው ሕመምተኛው ልጆቻቸውን መለየት ሲያቅታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ግን አብዛኛው በር ተዘግቷል። ከዚህ በታች የተመለከቱት አራት ጉዳዮች ይህንኑ ያስረዳሉ።

ውክልና፦ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ «ውክልና ካለ ችግር የለም» የሚል እምነት አለ። ይሁን እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ስለዚህ አረጋዊው ጤነኛ ሳሉ የሰጡት ተራ ውክልና ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ሕጉ ለተለየ ስምምነት በር ስለተወ፣ ውክልናው ሲዘጋጅ ይህ ነጥብ ለጠበቃ መቅረብ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥና ለመሳሰሉት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩ በፈለጉ ጊዜ ውክልናውን የመሻር መብት አላቸው።

ኑዛዜ፦ ሕጉ የሚያውቃቸው የኑዛዜ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና ይህ መፈጸሙም በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጃቸው የሚጽፉት ነው። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ሲሆን፣ ሞት እንደቀረባቸው የተሰማቸው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገሩት ነው። በቃል ኑዛዜ ሊወሰን የሚችለው የቀብር ሥርዓት፣ የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ካልሞቱም ከሦስት ወር በኋላ ይቀራል። በአልጋ ዳር «ቤቱ ለእከሌ ይሁን» ተብሎ የሚነገር ቃል፣ ቤተሰቡ የቱንም ያህል ቢያከብረው፣ በሕግ ፊት ቤት አያስተላልፍም። ልጅን ከውርስ መንቀልም ምክንያቱ በኑዛዜው ካልተገለጸ አይጸናም። እነዚህ ሥርዓቶች ባለመሟላታቸው የሚፈርስ ኑዛዜ ወንድማማቾችን ለዓመታት በፍርድ ቤት ያመላልሳል።

ስጦታ፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስጦታ ሲሰጥ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ የተወሰነው ሥርዓት መከበር አለበት። ከኑዛዜ የሚለየው ግን ስጦታ በሕይወት ሳሉ ከእጅ የሚወጣ መሆኑ ነው። ልጃቸው እንደሚጦራቸው በማመን ቤታቸውን በስጦታ ያስተላለፉ አረጋዊ፣ በኋላ በገዛ ቤታቸው ጥገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ጧሪ ለማግኘት ሲባል ስጦታ ከመፈረም በፊት የጠበቃ ምክር ማግኘት ከሁሉ የበለጠ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀለብ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጆችና ተወላጆች፣ እንዲሁም ወንድሞችና እህቶች፣ አንዱ ሲቸገርና ሠርቶ መኖር ሲያቅተው ሌላው ቀለብ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሏል። ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ከሆስፒታል የመውጫ ወረቀት ተጽፎላቸው የሚወስዳቸው ያጡ አረጋዊ የምጽዋት ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ በፍርድ ሊጠየቅ የሚችል መብት ሊኖራቸው ይችላል።

3. ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀረው መንገድ

አረጋዊው ማመዛዘን በማይችሉበት ደረጃ ላይ ከደረሱ ቀሪው መንገድ በፍርድ የመከልከል ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ሕመምተኛው ራሳቸው፣ የትዳር ጓደኛቸው፣ ዘመዶቻቸው ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ ሰውየው እንዲቀርቡ ያደርጋል፤ መቅረብ የማይችሉ ሲሆን ከዳኞቹ በአንዱ ወይም ራሱ በሚሾመው ባለሙያ እንዲታዩ ያዝዛል። ክልከላው ሲወሰን ሰውየውን የሚጠብቅ አሳዳሪና ንብረታቸውን የሚያስተዳድር ሞግዚት ይሾማል። ከዚያ በኋላ መናዘዝ አይችሉም፤ አስቀድመው ያደረጉት ኑዛዜ ግን በመሠረቱ ጸንቶ ይቆያል።

ይህ መንገድ ከባድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአረጋዊውን ነጻነት በብዙ ይቀንሳል፤ ጊዜና ገንዘብም ይጠይቃል፤ የቤተሰብን ገመናም ወደ አደባባይ ያወጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከብዝበዛ የሚያድናቸው እርሱ ብቻ ይሆናል። ሐኪሙ በዚህ ሂደት የሚጠየቀው አስተያየት ቀላል አይደለምና በጥድፊያ ሊጻፍ አይገባውም።

4. የሕክምና ግምገማና የማስረጃ አጻጻፍ

የመወሰን ችሎታ ሁሉንም በአንድነት የሚያካትት አይደለም። አንድ ሰው የባንክ ሒሳባቸውን ማስተዳደር ባይችሉም ማን እንዲወክላቸው እንደሚፈልጉ በግልጽ ሊያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ «ለየትኛው ውሳኔ?» እና «በየትኛው ሰዓት?» የሚል መሆን አለበት። በሕክምናው ዓለም ተቀባይነት ያገኘው አካሄድ አራት ነገሮችን ይመረምራል። እነርሱም የተነገራቸውን መረዳታቸው፣ ጉዳዩ ራሳቸውን እንደሚመለከት መገንዘባቸው፣ አማራጮችን ማመዛዘናቸውና ምርጫቸውን መግለጻቸው ናቸው። ኑዛዜን በሚመለከት ደግሞ ኑዛዜ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያላቸው ንብረት በጥቅሉ ምን እንደሆነና ሊታሰቡ የሚገባቸው የቅርብ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃል።

በዚህ ረገድ ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች አሉ።

የመጀመሪያው በነጥብ ብቻ መፍረድ ነው። ብዙዎቹ የአእምሮ ብቃት መለኪያ ቅጾች ትምህርት ላላገኙ ሰዎች የተዘጋጁ አይደሉም። ፊደል ያልቆጠሩ አረጋዊት ዓረፍተ ነገር ባለመጻፋቸው ወይም የፈረንጅ ቀን ባለማወቃቸው ነጥብ ሊያጡ ይችላሉ፤ የቀን መቁጠሪያቸው ግን ጾሙ፣ በዓሉና የወር ማኅበሩ ነው።

ሁለተኛው ጊዜያዊውን ከዘላቂው አለመለየት ነው። በሳንባ ምች፣ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በፈሳሽ እጥረት ወይም በመድኃኒት ምክንያት የሚመጣው ዲሊሪየም በሰዓታት ውስጥ ይዋዥቃል፤ መንስኤውም ሲታከም ሊሻል ይችላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያሉ አረጋዊ፣ ጉዳዩ አጣዳፊ ካልሆነ በስተቀር፣ ሰነድ ላይ ሊፈርሙ አይገባም፤ ዘላቂ የችሎታ ማጣት ማስረጃም ሊጻፍባቸው አይገባም።

ሦስተኛው የንግግር መሰናከልን ከማስተዋል መጥፋት ጋር ማምታታት ነው። በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት እናት ቃል አጥተው ሊሆን ይችላል እንጂ ሐሳብ አጥተዋል ለማለት ምርመራ ያስፈልጋል። በምልክት፣ በስዕል፣ አዎና አይ በሚሉ ጥያቄዎች፣ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን በማስደረግ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በመነጋገርና ቢቻል ንጋት ላይ በማየት ብዙ ማወቅ ይቻላል። አስተርጓሚው በጉዳዩ ጥቅም ያለው ልጅ መሆን የለበትም።

ማስረጃ በሚጻፍበት ጊዜ የምርመራው ቀንና ሰዓት፣ ምርመራው የተደረገበት ውሳኔ ምንነት፣ የቀረቡ ጥያቄዎችና አረጋዊው የሰጡት መልስ በራሳቸው ቃል፣ በቦታው የነበሩ ሰዎችና የሐኪሙ መደምደሚያ ሊሰፍሩ ይገባል። ሐኪሙ ያላየውን ያለፈ ቀን በግምት ሊመሰክር አይገባም። በምሳሌው ውስጥ ሴት ልጅየዋ የጠየቀችው ማስረጃም፣ ሐኪሙ በዚያ ማታ እናቲቱን ካልመረመራቸው፣ ሊጻፍ የሚችል አይደለም። የወንጀል ሕጉ ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ መስጠትን በወንጀልነት ደንግጓል።

5. ተገቢውን ጠበቃ ማግኘት

በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የአረጋውያን ሕግ ራሱን የቻለ የጥብቅና ዘርፍ ሆኗል። በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራ ጠበቃ መፈለግ ብዙም አያዋጣም። የሚፈለገው በውርስ፣ በቤተሰብና በንብረት ጉዳዮች ላይ በተግባር የሚሠራና ጉዳዩ የሚታይበትን አካባቢ የሚያውቅ ጠበቃ ነው።

የአካባቢው ነገር ቀላል አይደለም። የጥብቅና ፈቃድ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች በፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለክልል ፍርድ ቤቶች በየክልሉ የፍትሕ ቢሮ በኩል ይሰጣል። የቤተሰብ ሕጉም ከክልል ክልል ይለያያል። የገጠር መሬት ሲሆን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው የሚያወርሰው የይዞታ መብቱን ነው፤ ማን ሊወርስ ወይም በስጦታ ሊቀበል እንደሚችል የሚወስነው የክልሉ የመሬት ሕግ ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ የመጡ የገጠር አረጋዊ ስለ ይዞታቸው መማከር ያለባቸው የትውልድ ቀያቸውን ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው። ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ የውርስና የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ስለሚችል፣ ሙስሊም አረጋውያን ይህንን አማራጭ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘታቸው ይጠቅማቸዋል።

ጠበቃ ከመያዙ በፊት ቤተሰቡ የሚከተሉትን እንዲያጣራ ሊመከር ይችላል።

ሀ. ፈቃዱ የጸናና ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት የሚያሠራ ነውን? በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። የጥብቅና ፈቃድን ማሳየት የሚያሳፍር ነገር የለውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆችን በማኅበር ያደራጀና የጥብቅና ድርጅቶች እንዲቋቋሙ የፈቀደ በመሆኑ፣ ስለ አንድ ጠበቃ ማጣራት ከቀድሞው ቀሏል።

ለ. ደንበኛው ማን ነው? ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ልጅ ቢሆንም፣ ውክልናው፣ ኑዛዜው ወይም ስጦታው የአረጋዊው ከሆነ ደንበኛው አረጋዊው ናቸው። ጥሩ ጠበቃ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጥቶ አረጋዊውን ለብቻቸው ያነጋግራል። ይህን ለማድረግ እምቢ የሚል ወይም ለስጦታ ተቀባዩም ለስጦታ ሰጪውም በአንድ ጊዜ የሚቆም ጠበቃ አይበጅም።

ሐ. እንደዚህ ያሉ ጉዳዮችን ሠርቷልን? ስንት ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዳሸነፈ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንዴት ሊጨርሰው እንዳሰበ መጠየቅ ይሻላል።

መ. ክፍያው በጽሑፍ ተወስኗልን? የሥራው ወሰንና የሚከፈለው ገንዘብ በጽሑፍ ውል መስፈር አለበት። ዋናው ሰነድ፣ በተለይም የቤት ካርታ፣ ያለ ደረሰኝ ለማንም ሊሰጥ አይገባም።

ሠ. ወደ አረጋዊው ሊመጣ ይችላልን? አልጋ ላይ ላሉ ታካሚ ይህ ወሳኝ ነው።

ለጠበቃ መክፈል የማይችሉ አረጋውያንም በር አልተዘጋባቸውም። ጠበቆች ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ በሕግ ተጥሎባቸዋል። በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸው አረጋውያት ከውርስ ድርሻቸው ሲገፉ ይህ ትልቅ መጠጊያ ነው። የኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበርና በየወረዳው ያለው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም መንገድ ሊያመለክቱ ይችላሉ። የፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቆች ግን በዋናነት የሚሠሩት በወንጀል ጉዳይ ላይ በመሆኑ ለውርስ ወደ እነርሱ መላክ ሰውን ማንከራተት ነው።

ለሆስፒታሎች የሚበጀው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሉ በአካባቢው ያሉትን የነጻ ሕግ ድጋፍ ማእከላት፣ የሥራ ሰዓታቸውንና አድራሻቸውን የያዘ ዝርዝር አዘጋጅቶ በየጊዜው ማደሱ ነው። የጤና ባለሙያው የአንድን ጠበቃ ስም ብቻ መስጠት የለበትም። በተለይ ከጠበቃው ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ካለው ከመጠቆም ሊታቀብ ይገባል።

6. በሐኪም ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

ሰነድ ይዞ አልጋ አጠገብ የሚመጣ ዘመድ ሲያጋጥም ባለሙያው ጣት ማስያዝ ወይም ማስፈረም ሥራው አለመሆኑን በትሕትና ማስረዳት ይችላል። ማየት የተሳናቸው ወይም ያልተማሩ ሰዎች የጣት አሻራ፣ በሥራው ላይ ባለ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድዳቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ተደንግጓል። ስለሆነም በአልጋ ላይ በችኮላ የሚወሰድ አሻራ አረጋዊውን ያዋርዳል እንጂ ለአምጪውም የሚያስተማምን ነገር አያስገኝለትም። ጉዳዩ እውነተኛና አጣዳፊ ከሆነ ሕጋዊው መንገድ ክፍት ነው። ውክልና በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል፤ ከአልጋ መነሳት ለማይችሉ ሰዎች ሠራተኛው ያሉበት ድረስ ሊመጣ ይችላል። በክልሎችም ይህን ሥራ የሚያከናውኑ አካላት አሉ። አረጋጋጩ የተገልጋዩን ችሎታና ፈቃድ የማጣራት ኃላፊነት አለበት፤ የሐኪሙም ማስረጃ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ አረጋውያን ቁጥር ትንሽ አይደለም። በዋሽንግተን ወይም በጅዳ ያለ ልጅ ጠበቃ ቀጥሮ ወጪውን ሊሸፍን፣ ለራሱ ጉዳይም በኤምባሲ በኩል ውክልና ሊልክ ይችላል። የወላጁን ፈቃድ ግን በስልክ ሊተካው አይችልም።

ምስጢር መጠበቅ ሌላው ነጥብ ነው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና አዋላጆችንም በስም ይጠቅሳል። ጠበቃ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ካርድ የማየት መብት የለውም። የታካሚው ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ባለሙያው ከአረጋዊው ሀብት መራቅ አለበት። በሙያው ያስታመመ ሰው በኑዛዜ የተሰጠውን ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ የሙያው ክብር ይህን ይከለክላል።

በመጨረሻም የብዝበዛ ምልክቶችን ማየት ያስፈልጋል። የጡረታ ደብተራቸው በሌላ ሰው እጅ የገባ፣ መድኃኒት የመግዣ ገንዘብ እንደሌላቸው የሚናገሩ ባለቤት አረጋዊ፣ ያለ አንድ ልጃቸው ፈቃድ መናገር የሚፈሩ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰንበር ያለባቸው ታካሚ ለብቻቸው ሊነጋገሩ ይገባል። «በቤት ውስጥ የሚያስቸግርዎ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከደም ግፊት ልኬት የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ማጠቃለያ

የአረጋዊ ፈቃድ የሚከበረው ፈቃዳቸውን መግለጽ በሚችሉበት ጊዜ ሲጠየቁ ነው። የመርሳት ሕመም ወይም ተደጋጋሚ ስትሮክ መኖሩ በታወቀበት ዕለት፣ ከመድኃኒቱ ማዘዣ ጋር «ልብዎ እያለ ከታማኝ ጠበቃ ጋር ይነጋገሩ» የሚል ምክር መስጠት የሕክምናው አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።

በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት እናት ከስትሮካቸው በፊት ለዓመታት የደም ግፊት ክትትል ያደርጉ ነበር እንበል። በእነዚያ ዓመታት በአንዱ ቀጠሮ ይህ ምክር ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ወንድ ልጃቸው በማታ የአሻራ ቀለም ይዞ ባልመጣ፣ ሴት ልጃቸውም ሐኪሙ ያላየውን እንዲጽፍ ባልጠየቀች ነበር። አሁንም ቢሆን ሁሉ ነገር አልጠፋም። ነርሷ አሻራውን ካላስያዘች፣ ሐኪሙ በቀጣዮቹ ቀናት እናቲቱን በጥንቃቄ ከመረመረና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያው ለእርሳቸው የሚቆም ጠበቃ ካመለከተ፣ በአዎና በአይ እንኳ ቢሆን የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ይናገራሉ።